የጎን መስኮቷ እና የካልካታው መምህር

ባለፈው ክረምት ነው። ጫጫ ላይ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠን ጉሙ እስኪገፍ እንጠብቃለን። አንድ የሠፈራችን ልጅ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አጎቱ ከአሜሪካ የላከለት አይፎን 12 ነው። የስልኩን ቀኝ ጎን በጣቱ እየዳሰሰ፣ ከማብሪያው ቁልፍ ዝቅ ብላ ያለችው ሞላላ ነገር ምን እንደሆነች ጠየቀኝ። እኔም አላውቅም ማለት ከበደኝና የጣት አሻራ ማንበቢያ ናት ብዬ እርፍ። ልጁ ጣቱን አስጠጋ፣ ጠረግ አደረጋት፣ ደግሞ አስጠጋ። ምንም የለም። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ውሸቴ ወጣ።

ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ያቺ ሞላላ ነገር መስኮት ናት። ከኋላዋ አንቴና አለ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት ስልኮች ላይ ብቻ የተሠራች ስትሆን፣ ሥራዋም ሚሊሜትር ሞገድ የሚባለውን በጣም ፈጣን የ5ጂ ኔትወርክ መቀበል ነው። የስልኩ ጎን ብረት ስለሆነና ሞገዱ ብረትን ስለማያልፍ መስኮት ተከፈተለት። ጫጫ ላይ እሷን የሚጠራ ማማ ስለሌለ መስኮቷ እዚህ ተኝታለች ማለት ነው።

እሺ፣ ይህንን ሞገድ መጀመሪያ የሠራው ማነው ብዬ ፍለጋዬን ቀጠልኩ። አንድ የአሜሪካ ወይም የጃፓን ኩባንያ ስም ይመጣል ብዬ ነበር። የመጣው ግን ከ130 ዓመት በፊት በካልካታ ከተማ፣ ሕንድ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች፣ ላቦራቶሪ ያልነበረው አንድ የፊዚክስ መምህር ነው። ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ ይባላል። ስፒከርና ሄድፎን ላይ የምታዩት ቦስ እሱ አይደለም። ያ አማር ቦስ የሚባል፣ የቤንጋል ዘር ያለው ሌላ አሜሪካዊ ነው።

በማግስቱ ሻይ ቤቷ ሄጄ ለልጆቹ ሁለተኛ ስህተቴን ሠራሁ። ቦስ ሬዲዮን ፈለሰፈ፣ ጣሊያናዊው ማርኮኒ ሰረቀው፣ ነጮቹም ሸለሙት ብዬ ታሪኩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረስኩት። ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ነው የሚወራው፤ ለጆሮም ይጥማል። በኋላ ጠለቅ ብዬ ሳነብ ግን እውነተኛው ታሪክ ከዚህ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። ይህ ጽሑፍ የሁለቱም ስህተቶቼ ዕዳ መክፈያ ነው።

ቦስ የተወለደው እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 1858 ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው አገር፣ ማይመንሲንግ በተባለ ቦታ ነው። አባቱ በቅኝ ገዥው አስተዳደር ውስጥ ሹመት ነበራቸው። እንደሳቸው ያለ ሰው ልጁን እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ማስገባት የክብር ነገር በነበረበት ዘመን፣ እሳቸው ግን ትንሹን ጃጋዲሽን በአገሩ ቋንቋ በቤንጋሊ የሚያስተምር የመንደር ትምህርት ቤት አስገቡት። ሰው የሌላውን ቋንቋ ከመማሩ በፊት የራሱን ቋንቋና የራሱን ሕዝብ ይወቅ ባይ ነበሩ። ልጁ በአንድ በኩል የአባቱ ሙስሊም አሽከር ልጅ፣ በሌላ በኩል የዓሣ አጥማጅ ልጅ ተቀምጠው ይማሩ ነበር። ስለ ወፍ፣ ስለ አውሬ፣ ውሃ ውስጥ ስለሚኖር ፍጥረት ተረቱን የሰማው ከነሱ ነው። ተፈጥሮን የመመርመር ፍላጎቱ ከዚያ ወንበር እንደጀመረ ካደገ በኋላ ራሱ መስክሯል።

ከዚያ በኋላ ካልካታ ሄዶ ቅዱስ ዣቪየር በሚባለው የካቶሊክ ትምህርት ቤትና ኮሌጅ ተማረ። እዚያ ላፎን የሚባሉ ቤልጂየማዊ ቄስ ፊዚክስን በቃል ብቻ ሳይሆን ተማሪው ፊት በሙከራ እያሳዩ ያስተምሩ ነበር። ልጁ የተያዘው እዚያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። መጀመሪያ ሐኪም ሊሆን ነበር፤ ነገር ግን አገሩ ሳለ የያዘው ትኩሳት እየተመላለሰ አላስቀምጥ አለው፤ የሬሳ መመርመሪያው ክፍል ሽታም ባሰበት። ሕክምናውን ትቶ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባና የተፈጥሮ ሳይንስ ተማረ። ካስተማሩት አንዱ በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሎርድ ሬይሊ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1885 ዲግሪውን ይዞ አገሩ ተመለሰና ካልካታ በሚገኘው ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ሆነ። የደመወዝ ቀን ሲደርስ ነገር መጣ። በጊዜው ሕንዳዊ መምህር የሚከፈለው እንግሊዛዊው ከሚያገኘው ሁለት ሦስተኛውን ነበር። የቦስ ቅጥር ደግሞ ጊዜያዊ ነው ተብሎ ያው ተቆርጦ አንድ ሦስተኛ ላይ ወረደ። አልጮኸም፤ ሥራም አላቆመም። ደመወዙን አልቀበልም ብሎ ማስተማሩን ቀጠለ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር አይደለም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በነጻ አስተማረ። በዚህ ላይ አባቱ ለአገር ይጠቅማል ብለው ባቋቋሟቸው ሥራዎች ከስረው የከበደ ዕዳ ነበረባቸው። በመጨረሻ ኮሌጁ ተሸነፈ። ቋሚ አድርጎት የሦስቱን ዓመት ደመወዝ ሙሉውን በአንድ ጊዜ ከፈለው። ቦስም ገንዘቡን ለአባቱ ዕዳ አዋለው።

ደመወዙ ተስተካከለ፤ ላቦራቶሪ ግን የለም። ለምርምር የተሰጠው አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። የማስተማሪያ ሰዓቱ ብዙ ስለሆነ ምርምሩ ለማታ ይቀራል። ወጪውን የሚሸፍነው ከኪሱ ነው። መሣሪያ የሚሠራለትም ፋብሪካ ሳይሆን፣ የረቀቀ ዕቃ ሠርቶ የማያውቅ አንድ የካልካታ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር፤ እሱ ራሱ አስተማረው። እ.ኤ.አ. በ1894፣ ልክ 36 ዓመት በሞላበት ቀን፣ ከዚህ በኋላ ዕድሜዬን ለምርምር እሰጣለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። ነገሩን ወደ እኛ ለማቅረብ ያህል፣ ቴሌ የራሱን ታሪክ መቁጠር የሚጀምረው ከዚሁ ከ1894 ነው። ዘመኑ ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ የተዘረጋበት ነበር። እኛ ሽቦ ስንተክል ሰውዬው ያለ ሽቦ የሚሄደውን ይፈልግ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሞገድ ትንሽ ላውራ፤ አይከብድም።

ስልካችሁ፣ ሬዲዮው፣ ዋይፋዩ፣ የፀሐይ ብርሃን ጭምር ሁሉም የአንድ ዘር ሞገዶች ናቸው። የሚለያዩት በርዝመት ነው። የኤፍኤም ሬዲዮ አንዷ ሞገድ 3 ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ ሁለት ሰው ቢነባበር ያህል። በ1800 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የስልክ ኔትወርክ ሞገዱ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ስልካችሁን ያህል። ሚሊሜትር ሞገድ የሚባለው ደግሞ ከ1 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያለው ነው፤ ከገብስ ፍሬ አይበልጥም። ብርሃን ከዚህ በብዙ ሺህ እጥፍ ያንሳል።

እንዲህ ያለ የማይታይ ሞገድ መኖሩን ጀርመናዊው ሄርትዝ በ1880ዎቹ መጨረሻ በሙከራ አረጋግጧል። የሱ ሞገድ ግን ረጅም ነበር፤ ያነሰው እንኳ ከግማሽ ሜትር ይበልጣል። እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ ስለ ሄርትዝ ሥራ የጻፈው ካልካታ ደረሰና ቦስ አነበበው። የገባው ነገር ይህ ነው፤ ይህ ሞገድ የብርሃን ወንድም ከሆነ፣ ብርሃን የሚያደርገውን ሁሉ ማድረግ አለበት። መንጸባረቅ አለበት፣ በመስታወት ውስጥ መታጠፍ አለበት፣ በሌንስ መሰብሰብ አለበት። ይህን ለማየት ግን ግማሽ ሜትር በሆነ ሞገድ የቤት ያህል ትልቅ ሌንስ ያስፈልጋል። ቦስ ደግሞ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። ስለዚህ ክፍሏን ማስፋት ባይችል ሞገዱን አሳነሰው።

በጣም ትንንሽ የብረት ድቡልቡሎች መካከል የእሳት ብልጭታ እየፈጠረ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያጠረ ሞገድ አወጣ። ይህ በሰከንድ 60 ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ነው፤ ዛሬ 60 ጊጋኸርዝ የምንለው። ሞገዱን ለመምራትና ለመሰብሰብ አፉ ሰፊ ጫፉ ጠባብ የሆነ የብረት ቱቦ ሠራ፤ ዘይት ወደ ጠርሙስ እንደምናስገባበት ዓይነት። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም የሚሊሜትር ሞገድ ላቦራቶሪ ውስጥ ይህ ቱቦ አለ፤ መሐንዲሶቹ የቀንድ አንቴና ይሉታል። ሌንሱን ከሰልፈር ሠራው። ለብርሃን ድፍን የሆኑት ጡብና ሬንጅ ለዚህ ሞገድ እንደ መስታወት መሆናቸውን አየ።

ከሁሉ የወደድኩት ሁለቱን ነው። አንደኛው መጽሐፍ ነው። ቦስ ሞገዱ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚርገበገብ የሚለይ መሣሪያ ፈለገ። ያነሳው የእንግሊዝ ባቡሮች የጉዞ ሰዓት የተጻፈበትን ወፍራም መጽሐፍ ነው። በገጾቹ መካከል ስስ የብረት ወረቀት አስገባበት። መጽሐፉን በአንድ በኩል ሲይዘው ሞገዱ ያልፋል፤ ሩብ ዙር ሲያዞረው ይቆማል። ሁለተኛው ጁት ነው፤ ቤንጋል ጆንያ የሚሠራበት ቃጫ። አንዱን ጥቅል ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ግራ ፈተለው። ወደ ቀኝ የተፈተለው የሞገዱን አቅጣጫ ወደ አንድ በኩል ሲያዞረው፣ ወደ ግራ የተፈተለው ወደ ሌላው አዞረው። የስኳር ውሃ ብርሃንን የሚያዞረው ለምን እንደሆነ በዚህ አስረዳ። ጫጫ አድጎ እናቱ ለባና ሱፍ ስትፈትል ያየ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መገመት ትችላላችሁ። እንዝርት የሚያውቅ ሁሉ ክሩ ወዴት እንደተጠመዘዘ ያውቃል። ሞገዱም ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1895 የመጀመሪያ ጽሑፉን ለቤንጋል የእስያ ጥናት ማኅበር አቀረበ። በዚያው ዓመት የካልካታ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ሰብስቦ አሳየ። የቤንጋል ገዥም በእንግድነት ተቀምጦ ነበር። ቦስ በአንድ ክፍል ሞገዱን ሲለቀው፣ ሞገዱ ገዥውንም ግድግዳዎቹንም አልፎ 23 ሜትር ገደማ ላይ ደወል ደወለ፤ ባሩድም አፈነዳ። ያ 1895 እኛ ጋ ምኒልክ የአድዋን ክተት ያወጁበት ዓመት ነው። ለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1896 የሳይንስ ዶክተር አለው። በጥር 1897 ደግሞ መሣሪያዎቹን ይዞ ለንደን፣ ሮያል ኢንስቲትዩሽን በሚባለው ዝነኛ አዳራሽ የእንግሊዝን ሊቃውንት አስተማረ። ያስተማራቸው የካልካታው ቆርቆሮ ሠሪ በሠራው መሣሪያ ነው።

አሁን ወደ ማርኮኒ። በዚያው ሰሞን ወጣቱ ማርኮኒም በሞገድ ይሠራ ነበር። ፍላጎቱ ግን ሌላ ነው። እሱ መልእክት ማድረስ ነው የሚፈልገው፤ ከመርከብ ወደ ወደብ፣ ከአገር አገር። ለዚህ የሚያስፈልገው ረጅም ሞገድ ነው፤ ረጅም ሞገድ ተራራና ባሕር አይበግረውም። በታኅሣሥ 1901 አትላንቲክን ያሻገረው ምልክት ሞገዱ በመቶዎች ሜትር የሚለካ ነበር። እርግጥ ነው፣ በዚያን ቀን የተጠቀመበት የሜርኩሪ መቀበያ ቦስ በ1899 ለሮያል ሶሳይቲ ካቀረበው ጋር በጣም እንደሚመሳሰል ከ100 ዓመት በኋላ መሐንዲሶች ጽፈዋል። የቦስ ስም ግን አልተነሳም። በ1909 የኖቤል ሽልማቱን ማርኮኒ ከጀርመናዊው ብራውን ጋር ተካፈለ። ይህ ያናድዳል፤ መናደድም ተገቢ ነው።

ነገር ግን ሌብነት ብቻ ብዬ ብጨርሰው ቦስን አሳንሰዋለሁ። ቦስ ማርኮኒ የፈለገውን አልፈለገም። ማርኮኒ ሞገዱን እንደ ፖስተኛ ነው የላከው። ቦስ ግን ሞገዱ ሄዶ የነካው ነገር ምን እንደሆነ ተመልሶ እንዲነግረው ነው የፈለገው፤ ጡቡን፣ ሰልፈሩን፣ የተፈተለውን ቃጫ። አንዱ ለመናገር፣ ሌላው ለማየት። በ1900 አካባቢ ዓለም መናገር ነበር የቸገረው፤ ስለዚህ ረጅሙ ሞገድ አሸነፈ። የቦስ አጭር ሞገድ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጥግ ላይ ተቀመጠ።

የፓተንቱም ነገር አለ። በ1901 ለንደን እያለ የአንድ ትልቅ የቴሌግራፍ ኩባንያ ባለቤት የፓተንት ቅጽ ይዞ መጣለት። ፈርም፣ ትርፉን እንካፈላለን ነው ነገሩ። ቦስ እምቢ አለ። ዕውቀት የሰው ሁሉ ነው፣ በአጥር አይያዝም ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ወዳጆቹ፣ በተለይ አሜሪካዊቷ ሳራ ቡልና አየርላንዳዊቷ ኒቬዲታ፣ ወጥረው ይዘውት አንድ ፓተንት አስገቡለት። በ1904 አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ። ጋሌና የሚባለውን የእርሳስ ማዕድን ድንጋይ ሞገድ መቀበያ ማድረግ ነው፤ ዛሬ ስልካችሁን የሞላው የሴሚኮንዳክተር ዘር የመጀመሪያው ፓተንት ይህ እንደሆነ ይነገራል። ቦስ ግን አንድ ሳንቲም ሳያገኝበት ጊዜው እንዲያልፍ ተወው።

ትክክል ነበር? እዚህ ላይ ከራሴ ጋር ተከራክሬያለሁ። እኛ የጤፍን ነገር እናውቃለን። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አወጣ፤ የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 መጨረሻ ነው። አጥር የማያጥር ሰው፣ ሌላው መጥቶ ያጥርበታል። ስለዚህ የቦስን ልብ ባደንቅም፣ ወዳጆቹ ወጥረው የያዙት ያለ ምክንያት አልነበረም እላለሁ። እሱ ግን እስከ መጨረሻው አልተለወጠም። በ1917 በልደቱ ቀን ካልካታ ውስጥ የራሱን የምርምር ተቋም ሲከፍት፣ እዚያ የሚገኝ ግኝት ሁሉ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ ፓተንትም እንዳይወጣበት ደነገገ። ተቋሙ ዛሬም አለ። የሠራቸው መሣሪያዎችም እዚያ ይገኛሉ።

ከ1900 በኋላ ቦስ ፊቱን ወደ ዕፅዋት አዞረ። ዕድገታቸውን 10 ሺህ ጊዜ አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ሠራ። ዕፅዋት ሲነኩ፣ ሲመረዙ፣ ሲሞቁና ሲበርዱ በኤሌክትሪክ ምልክት እንደሚመልሱ አሳየ። የእንግሊዝ ሊቃውንት አንዳንዶቹ ተቃወሙት፤ ጽሑፉንም መለሱበት። ዕፅዋት እንደ እንስሳ ነርቭ አላቸው እስከማለት መሄዱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሆኖም በ1917 የእንግሊዝ መንግሥት የሰር ማዕረግ ሰጠው፤ በ1920 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። ካስተማራቸው ተማሪዎች አንዱ ሳትየንድራ ናት ቦስ፣ ቦዞን የሚባሉት ቅንጣቶች በስሙ የተጠሩለት ሊቅ ነው። እንደ አባቱ ምክርም ቋንቋውን አልተወም። በ1896 በቤንጋሊ የጻፈው አጭር ልብ ወለድ፣ ባሕር ላይ በተደፋ አንድ ጠርሙስ የፀጉር ቅባት አውሎ ነፋስ ጸጥ ሲል ይተርካል። በቤንጋሊ ከተጻፉት የመጀመሪያዎቹ የሳይንስ ልብ ወለዶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 1937፣ 79 ዓመት ሊሞላው አንድ ሳምንት ሲቀረው ጊሪዲ በተባለች ከተማ አረፈ።

ሞገዱስ? ከእንቅልፉ ተነሳ። አሁን ዓለም መናገር አልቸገረውም፤ ማየትም ፈለገ።

ትልልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች ውስጥ እጃችሁን ወደ ላይ አንስታችሁ የምትቆሙበት መፈተሻ አለ። ብዙዎቹ በሚሊሜትር ሞገድ ወይም በጣም በሚቀርበው የሚሠሩ ናቸው። ሞገዱ ጋቢን፣ ጃኬትን፣ ሹራብን ያልፋል፤ ቆዳ ላይ ሲደርስ ግን ሰውነት ውሃ ስለሆነ ይመለሳል። የተደበቀ ነገር ካለ ይታያል። እንደ ኤክስሬይ አካልን ሰንጥቆ አይገባም። አዳዲስ መኪኖች ፊት ለፊት፣ ከፕላስቲኩ ኋላ፣ በ77 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ራዳር ተቀምጧል፤ ሞገዱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የኛን ጉም አስቡት። ከደብረ ብርሃን ወደ ጫጫ በነሐሴ የነዳ ሰው መብራቱን አብርቶም ከፊቱ ያለችውን በግ እንደማያይ ያውቃል። የጉም ጠብታ ግን ከዚያ ሞገድ በጣም ስለሚያንስ ራዳሩ ያልፈዋል። ዓይንና ካሜራ የማያዩትን ያያል። በ60 ጊጋኸርዝ፣ ልክ በቦስ ሞገድ፣ የሚሠሩ ትንንሽ ራዳሮች የተኛ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ ሲል አይተው ትንፋሹን ይቆጥራሉ። በ2019 የወጣው የጎግል ፒክስል 4 ስልክ ውስጥ አንድ ነበር፤ እጅህን ሳትነካው ስታወዛውዝ ዘፈኑን ይቀይርልሃል። በዚያው ዓመት ዓለም ያየው የመጀመሪያው የጥቁር ጉድጓድ ፎቶም የተነሳው በ1.3 ሚሊ ሜትር ሞገድ ነው።

ለመናገርም ቢሆን ተመልሷል። አጭር ሞገድ ብዙ ዳታ ይሸከማል። በዓለም ላይ ማማዎች ላይ ከምታዩአቸው ከበሮ መሰል ክቦች አንዳንዶቹ በ80 ጊጋኸርዝ አካባቢ ማማን ከማማ ያገናኛሉ። ነውሩ ሩቅ አለመሄዱ ነው። የዝናብ ጠብታ ራሱ በሚሊ ሜትር ስለሚለካ ሞገዱን ይበትነዋል። በ60 ጊጋኸርዝ ደግሞ የምንተነፍሰው ኦክስጅን ይውጠዋል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከ30 እጅ አንዱ ያህል ነው የሚተርፈው። ግድግዳና ቅጠል ይገታዋል። ለዚህ ነው በየመንገዱ ጥግ አንቴና የሚጠይቀው። እኛ አገር 5ጂ በግንቦት 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ደስ ብሎናል፤ የጫጫ ክረምትና በረዶ ግን ለሚሊሜትር ሞገድ ምቹ አማት አይሆኑም።

በ1997 አሪዞና ውስጥ በሚሊሜትር ሞገድ ቴሌስኮፕ የሚሠራ ኤመርሰን የተባለ ተመራማሪ የቦስን የመቶ ዓመት ሥራ አንስቶ ጻፈ፤ ብዙ መሐንዲሶች የዕቃዎቻቸው አባት ማን እንደሆነ ያወቁት ያኔ ነው። በ2012 አይትሪፕልኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ካልካታ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ አቆመለት።

ይህን ሁሉ ለልጆቹ እንደገና ነገርኳቸው። ፈዝዘው ሰሙኝ፤ የጣት አሻራዬን ታሪክም አልረሱም። ከሦስት ቀን በኋላ ያ ባለ አይፎን ልጅ ቤቴ መጣ። ስልኩን በእናቱ ባና ጠቅልሎ አስደውሎበት ነበር፤ ጠራ። በምግብ መጠቅለያ ፎይል አንድ ዙር ጠቀለለው፤ አሁንም ጠራ። ሦስት ዙር አድርጎ ጠርዙን ሁሉ ሲያጣጥፈው ግን ጸጥ አለ። ለምን አንድ ዙር እንዳልበቃው ራሱ ደርሶበታል፤ ጠርዙ ላይ ክፍተት ነበር። አሁን የመጣው ሌላ ጥያቄ ይዞ ነው፤ ባናው ቢረጥብስ ይጠራል ወይ ነው የሚለው።

በዚህኛው አልዋሸሁም። አላውቅም አልኩት። ባናውን እኔ ጋ ትቶ ውሃ ሊያመጣ ወጣ።